የአካባቢ ሕግ ተማሪ ጉዳት መተመን ይማር

ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በአካባቢ ላይ ለደረሰ ጉዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ካሳ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኒካራጓ በሳን ሁዋን ወንዝ ዳር፣ በኮስታሪካ ግዛት ውስጥ ቦይ ስትቆፍር ወደ 300 የሚጠጉ ዛፎች ተቆርጠው ከ6 ሄክታር በላይ መሬት ተመንጥሯል። ኮስታሪካ ለጠፋው የተፈጥሮ ሀብትና ጥቅም ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀች። ለዚሁ የተፈረደላት 120 ሺህ ዶላር ነው።

በአካባቢ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ይህን ፍርድ በድልነቱ ያነበዋል። ድል ነው፤ አልክድም። ተማሪው ብዙ ሰዓት እንዲያጠፋበት የምመኘው ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ገደል ላይ ነው። ኮስታሪካ ኪሳራው በ50 ዓመት ይታሰብልኝ ብላ ነበር። ዳኞቹ ግን የተፈጥሮ ክፍሎች የሚያገግሙበት ጊዜ የተለያየ ስለሆነ ለሁሉም አንድ ዘመን መመደብ ስሕተት ነው አሉ። የአፈር መሸርሸርን በሚመለከት የቀረበውንም ጥያቄ አሳማኝ ማስረጃ ስላላገኙበት አልተቀበሉትም። የኒካራጓ ጥፋተኝነት እኮ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር! ክርክሩ የላላው ልኬቱ ላይ ሲደረስ ነው።

የድህረ ምረቃ ሥርዓተ ትምህርት ሲቀረጽ ቅድሚያውን የሚወስዱት ስምምነቶችና መግለጫዎች ናቸው፤ የስቶክሆልም (1972) እና የሪዮ (1992) የአካባቢ መግለጫዎች፣ የፓሪስ (2015) የአየር ንብረት ስምምነት። «በካይ ይክፈል» የሚለውን መርሕ ተማሪው በቃሉ ይወጣዋል። ስንት ይክፈል? ሲባል ዝም ይላል።

«ለዚያማ ባለሙያ ይቀጠራል» የሚሉ መምህራን አሉ። ይቀጠር። የውኃው ናሙና የትና መቼ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደተቀዳ መጠየቅ የማያውቅ ጠበቃ ግን የባለሙያውን ሪፖርት ተቀብሎ ከማቅረብ አልፎ ሊከራከርበት አይችልም። አርጀንቲናና ኡራጓይ በድንበር ወንዛቸው ዳር በተሠራ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሲካሰሱ አንዳንድ ሳይንቲስቶችን ያቀረቡት በጠበቃነት ነበር። ይኸው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ውሳኔው እነዚህ ሰዎች በባለሙያ ምስክርነት ቀርበው በመስቀለኛ ጥያቄ ቢፈተኑ ይሻል እንደነበር ጽፏል። መስቀለኛ ጥያቄውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ጠበቃው ነው።

የማስተርስ ዘመን አጭር ስለሆነ አንዱ ሳይቀነስ ሌላው አይገባም። የስምምነቶቹ ታሪክ ይጠርና የውኃ ሳይንስ መሠረታውያን፣ ስታቲስቲክስና የጉዳት ግመታ ቦታ ያግኙ። እያንዳንዱ ተማሪ ሳይመረቅ ቢያንስ አንድ እውነተኛ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሪፖርት ከነሰንጠረዦቹ ይመርምር።

በ2019 የሳውዝ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች የጀመሩት ዘመቻ በ2025 ይኸው ፍርድ ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምክር አስተያየት እንዲሰጥ አድርሷል። አስተያየቱ ለተጎዱ አገሮች የካሳን በር ከፍቷል፤ ሆኖም በጥፋቱና በጉዳቱ መካከል በበቂ ደረጃ ቀጥተኛና እርግጠኛ የሆነ ትስስር መኖሩ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ያንን ትስስር በችሎት ፊት የማስረዳት ሥራ የሚጠብቃቸው ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚመዘገቡት ናቸው።