የቅንጦት ሴዳን ሞተር ሲመረጥ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

የቅንጦት ሴዳን ሊገዛ የተነሣ ሰው ስለ ሞተሩ ምክር ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛል። አንደኛው መልስ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያምቀው መሣሪያ) ለፈጣንና ለውድድር መኪና የተሠራ በመሆኑ ጸጥታና ልስላሴ ለሚፈለግበት መኪና አይስማማም፤ ለቅንጦት የሚመጥነው ትልቅ መጠን ያለው ቱርቦ የሌለው ሞተር ብቻ ነው ይላል። ሌላው መልስ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዘመን ያለፈበት፣ ነዳጅ የሚበላና ጉልበት የሚያንሰው ነው ብሎ ይደመድማል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ነገሩ በአነዳድ በኩል ብቻ ከታየ፣ ቱርቦ ከቅንጦት ሴዳን ጠባይ ጋር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይስማማል፤ መኪናው በባለቤቱ እጅ በሚቆይበት ዘመን ከታየ ግን ሚዛኑ ቱርቦ ወደሌለው ሞተር ያደላል። ስለዚህ ገዢው ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሞ ይህን መኪና ስንት ዓመት ልይዘው ነው ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመያዝ፣ ሞተር ነዳጅ ማቃጠል የሚችለው ባገኘው አየር ልክ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው፣ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሚፈጠረው ባዶ ቦታ የከባቢው አየር በራሱ ግፊት የሚገባለትን ያህል ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን በጭስ ማውጫ በኩል ሊባክን የነበረውን የጋለ ጭስ ተርባይን እንዲያሽከረክርለት ያደርጋል፤ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ አዙሮ ነዳጁ ወደሚቃጠልባቸው ሲሊንደሮች የሚገባውን አየር ያምቀዋል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ይህን ሐሳብ በፓተንት ያስመዘገበው በ1905 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1962 በአሜሪካ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር ቱርቦ ይዘው ለገበያ ቀረቡ። ቤንትሌይ በ1982 ሙልሳን ቱርቦን ካወጣ በኋላ ደግሞ ቱርቦ ለቅንጦት መኪና እንግዳ ነው ማለት የማያስኬድ ሆኗል።

ሁለቱን ሞተሮች በአንድ ሰውነት ውስጥ አድርጎ ለማነጻጸር ከጄኔሲስ ጂ90 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የ2017 ሞዴል በአሜሪካ ገበያ በሁለት ምርጫ ቀርቦ ነበር፦ ባለ 3.3 ሊትር መንታ ቱርቦ 6 ሲሊንደር በ365 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 5 ሊትር ቱርቦ የሌለው 8 ሲሊንደር በ420 የፈረስ ጉልበት። ቶርክ የሚባለው የማዞር ኃይል በቱርቦው 510፣ በትልቁ ሞተር 519 ኒውተን ሜትር ገደማ ነበር። በወረቀት ላይ ትልቁ ሞተር በሁሉም ይበልጣል። ይሁንና ቱርቦው ያን 510 ከ1300 እስከ 4500 ዙር በደቂቃ ባለው ስፋት ሁሉ ይሰጣል፤ ትልቁ ሞተር ግን 519 ላይ የሚደርሰው 5000 ዙር ሲሞላ ነው። የቅንጦት ሴዳን ባለቤት ደግሞ ሞተሩን 5000 ዙር ድረስ የሚያስጮኸው ከስንት አንዴ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚነዳው ከ1200 እስከ 2500 ባለው ክልል ነው፤ በዚያ ክልል ውስጥ በወረቀት ደካማ የተባለው ሞተር ብርቱ ሆኖ ይገኛል፤ ማርሽ ሳይቀንስ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ይጎትታል።

ይህን ከማንም ቀድሞ መረዳት የነበረበት ሮልስ ሮይስ ነበር፤ ተረድቶታልም። በ2003 የወጣው ፋንተም ባለ 6.75 ሊትር ቱርቦ የሌለው 12 ሲሊንደር ሞተር ይዞ 720 ኒውተን ሜትር በ3500 ዙር ይሰጥ ነበር። በ2017 የተተካው ፋንተም ሲመጣ የሞተሩ መጠን ያው 6.75 ሊትር፣ የሲሊንደሩ ቁጥርም ያው 12 ሆኖ ሁለት ቱርቦ ተጨመረለትና 900 ኒውተን ሜትር በ1700 ዙር መስጠት ጀመረ። እዚህ ላይ ቱርቦው የመጣው ሞተሩን ለማሳነስ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ኃይሉ ከታች እንዲገኝና ሞተሩ ዝግ ብሎ እንዲሠራ፣ ማለትም ለጸጥታ ሲባል ነው።

ለማሳነስ የመጣው ቱርቦ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ የቅሬታውም ምንጭ በአብዛኛው እርሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ መኪኖች አማካይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በኪሎ ሜትር 95 ግራም የሚል ዒላማ ሲያስቀምጥ፣ ፋብሪካዎች ትልልቅ ሞተሮቻቸውን በትንንሽ ባለ ቱርቦ ሞተር መተካት ጀመሩ። ልቀቱና ፍጆታው እስከ 2017 ድረስ ይለካ የነበረው እጅግ በቀስታ በሚነዳ የሙከራ ዑደት ነበር፤ በዚያ ዑደት ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 26 ሰከንድ ይፈቀድ ነበር። እንዲህ በእርጋታ ሲነዳ ቱርቦው ብዙም ሥራ የለውም፣ ሞተሩም እንደ ትንሽ ሞተር ትንሽ ነዳጅ ይጠጣል። አንድ ሰው ሁለት ቶን የሚመዝን ሴዳን ጭኖ በዳገት ሲረግጠው ግን ቱርቦው አየር ያምቃል፤ ከታመቀው አየር ጋር የሚመጣጠን ነዳጅ ይጨመራል፤ ሙቀቱ ሲበረታም ማቃጠያ ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ተብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ነዳጅ ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ለነዳጅ ቁጠባ ብቻ ብሎ ቱርቦ የሚገዛ ሰው፣ እግሩ ከባድ ከሆነ፣ ተስፋ ያደረገውን ቁጠባ አያገኝም።

ሌላም መደበላለቅ አለ። ቱርቦ መኪናውን አሻካሪ አደረገው የሚሉ ሰዎች የሚያማርሩት ብዙ ጊዜ በቱርቦው ሳይሆን በጎደሉት ሲሊንደሮች ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአሠራሩ ምክንያት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት አለው፤ ፋብሪካዎች ማመጣጠኛ ዘንጎች እየጨመሩ ይቀንሱታል እንጂ ከሥሩ አያጠፉትም። በአንድ መስመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች ግን ይህን ንዝረት እርስ በርሳቸው ያጣፉታል። በ1989 የወጣው ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 ዝናውን ያተረፈው ባለ 4 ሊትር ቱርቦ የሌለው 8 ሲሊንደር ሞተሩ በሚያስደንቅ ጸጥታ ይሠራ ስለነበር ነው፤ ያንን የሚናፍቅ ሰው የሚናፍቀው የ8ቱን ሲሊንደር ስምምነት እንጂ የቱርቦውን አለመኖር ብቻ አይደለም። እኔ ከባድ ሴዳን ለሚገዛ ሰው ባለ 6 ሲሊንደር ቱርቦ ከ4 ሲሊንደር ቱርቦ አልባ ሞተር ይሻልሃል ለማለት አላመነታም።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በአነዳድ በኩል አሁንም የሚበልጥበት ቦታ መጨናነቅ ባለበት መንገድ ነው። እንደዚህ ያለው ሞተር ፔዳሉ በተረገጠ መጠን፣ በዚያው ልክ፣ ወዲያው ይመልሳል። በቱርቦው ግን ጭሱ ተርባይኑን እስኪያፈጥነው ድረስ ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያም ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በየሁለት ሜትሩ እየቆመ በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ይህ የኋላ ተሳፋሪውን አንገት ያነቃንቃል። የቅንጦት ሴዳን የሚመዘነው በኋላ ወንበር ነውና ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። እርግጥ ነው መሐንዲሶቹ ብዙ ሠርተውበታል። መርሴዲስ በ2017 በኤስ ክላስ ላይ ያስገባው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በ48 ቮልት የሚሠራ ረዳት የኤሌክትሪክ መጭመቂያ ነበረው፤ ይህም በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ወደ 70,000 ዙር ደርሶ ዋናው ቱርቦ እስኪነቃ ክፍተቱን ይሸፍናል። በዚህ ዓይነት መኪና መዘግየቱ የሚታወቀው ለሚፈልገው ሰው ብቻ ነው።

የሚነዳበት ከፍታም ቀላል ግምት አይሰጠውም። ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ከላይ የጠቀስኩት 420 የፈረስ ጉልበት በስሌት ወደ 315 ይወርዳል ማለት ነው። ቱርቦው ስስ የሆነውን አየር ይበልጥ በማመቅ አብዛኛውን ኃይሉን ስለሚያስጠብቅ፣ በባሕር ዳርቻ የተሸነፈው 365 በተራራ ላይ አሸናፊ ይሆናል። ለደጋ ነዋሪ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል፤ ቱርቦው ለዚያ ሲል ይበልጥ መሽከርከርና መጋል እንዳለበት ግን መዘንጋት የለበትም።

ወደ ዕድሜው ጉዳይ ስንመጣ የእኔ ሚዛን ይለወጣል። በቤንዚን ሞተር ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጭስ ሙቀት 1000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ዘንጉ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ፣ ትንንሾቹም እስከ 200,000 ዙር ይሽከረከራል። ይህን ዘንግ የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ከቆየ፣ ወይም በኃይል የተነዳ ሞተር ድንገት ከጠፋ፣ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ይደርቃል። በዘመናዊ መኪኖች ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ውሃ የሚያዘዋውር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስላለ አደጋው ቀንሷል፤ ሙቀቱ ግን በአካባቢው ያለውን ላስቲክና ፕላስቲክ ሁሉ በየቀኑ ማድረቁን አይተውም። ቢ ኤም ደብሊው በ2008 ኤን63 የተባለውን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲያወጣ ሁለቱን ቱርቦዎች በሲሊንደሮቹ መካከል ባለው ሸለቆ አስቀመጣቸው። ለምላሽ ፍጥነት ብልህ አቀማመጥ ነበር፤ ሙቀቱን ግን በሞተሩ እምብርት ሰበሰበው። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ዘይት በመጠጣት ስለታወቁ ኩባንያው በ2014 ለነዚያ መኪኖች ባለቤቶች ልዩ የአገልግሎት ዘመቻ አካሂዷል፤ በኋላ የመጡት ትውልዶችም ተሻሽለዋል።

እኔም ያገለገለ ባለ ቱርቦ ሴዳን ይዤ በአራተኛው ዓመት አንድ የውሃ ቱቦ ሲሰነጠቅ ያየሁትን አልረሳውም። ቱቦው ርካሽ ነበር፤ መካኒኩ ወደ እርሱ ለመድረስ ግን ከቱርቦው ዙሪያ ብዙ ነገር መፍታት ስለነበረበት የሠራተኛው ክፍያ የዕቃውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚበልጠው በዚህ ነው፦ የሚጎድሉት ክፍሎች፣ ማለትም ቱርቦው፣ ታምቆ የጋለውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ የግፊት ቱቦዎቹና ተጨማሪ ማቀዝቀዣው፣ መቼም አይበላሹም።

ሁሉንም ጥፋት ግን በቱርቦ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። በቫልቮች ላይ የሚጋገረው የካርቦን ቆሻሻ የሚመጣው ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ከመርጨት ነው፤ ይህ አሠራር ቱርቦ በሌላቸውም ሞተሮች ላይ አለ። ለቱርቦ የተለየው፣ በዝቅተኛ ዙር ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ በራሱ መንደዱና ፒስተን እስከ መስበር መድረሱ ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በ2018 እና በ2020 ያወጣቸው ኤስ ኤን ፕላስና ኤስ ፒ የተባሉት የዘይት ደረጃዎች ይህንኑ ለመከላከል የተዘጋጁ ናቸው። የቱርቦ ባለቤት ስለዚህ ዘይቱን በደረጃው መምረጥ፣ ቤንዚኑንም ፋብሪካው ባዘዘው ኦክቴን (ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይነድ የመቋቋም ደረጃ) መሙላት ግዴታው ነው። ዝቅ ያለ ኦክቴን ቢሞላ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ማቀጣጠያውን ያዘገየዋል፤ የተከፈለበት ኃይልም ይቀራል።

እንግዲህ አዲስ መኪና ገዝቶ የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ የሚሸጥ ሰው፣ ወይም በደጋ የሚኖር ሰው፣ ባለ 6 ሲሊንደር ቱርቦ ቢገዛ አይጸጸትም። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊይዘው ለሚያስብ፣ ወይም ያገለገለ መኪና ለሚፈልግ ሰው ግን ቱርቦ የሌለውን እመርጥለታለሁ። የታችኛው ኃይል ካሳሰበው ደግሞ እንደ ሌክሰስ ኤል ኤስ 500ኤች ያለ ሃይብሪድ አለለት፤ ባለ 3.5 ሊትር ሞተሩ ቱርቦ ሳይኖረው፣ በዝቅተኛ ዙር የሚጎድለውን በኤሌክትሪክ ሞተር ይሞላል።

ያገለገለ ቱርቦ መግዛት የግድ ከሆነ፣ መኪናው ሻጩ አስቀድሞ ሳያሞቀው፣ ቀዝቅዞ እንዳለ ይነሣ። ሰማያዊ ጭስ መኖሩ ይታይ፤ የዘይት ለውጡ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተደረገ በደረሰኝ ይረጋገጥ። ከዚያ ገዢው መሪውን ለሌላ ሰው ይስጥና ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መኪናው በተጨናነቀ መንገድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይነዳለት።