«ፎቶ ብቻ ላንሳ» ለሚሉት ደንበኛ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ «ፎቶ ብቻ ላንሳ» ባይ ደንበኛ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ባለፈው መስከረም ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ ብቅ ብለው፣ መደገፊያዋ የጀበና አንገት የሚመስለውን የቡና ወንበሬን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ፎቶ አነሷት። «ለባለቤቴ ላሳይ» ነበር ያሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ ስድስቱን ደርድሮ ሲሸጥ ሳይ፣ ባለቤትዎ ማን እንደሆኑ ገባኝ።

በንዴት ንድፉን ላስመዘግብ ተነሣሁ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ለ5 ዓመት ይጠበቃል፤ ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ሊራዘምም ይችላል። የእኔ ወንበር 15 ዓመት ትቆማለች፤ ስለ ማዶዎቹ ዋስ አልሆንም።

ችግሩ ንድፉ አዲስ መሆን አለበት፤ አዲስነቱም የሚለካው በሰፈራችን ሳይሆን በዓለም ነው። ስለዚህ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በነጻ በከፈተው የንድፍ መረጃ ቋት ፍለጋ ገባሁ። እዚያ «ወንበር» ብሎ መፈለግ መርካቶ መሐል ቆሞ «አንተ ሰውዬ!» እንደ ማለት ነው፤ ሁሉም ዞር ይላል። ቅርጽ በስሙ አይገኝምና አዋቂዎቹ በሎካርኖ ምደባ፣ ማለትም ንድፎችን በዕቃ ዓይነት በሚከፋፍለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር፣ ይገባሉ፦ ከ32ቱ ክፍሎች የቤት ዕቃ 6ኛው ነው፤ መቀመጫ ደግሞ 06-01። ከዚያ ወዲያ የእኔ መሣሪያ ዓይኔ ብቻ ነበር። ሦስት ሌሊት ወንበር ሳይ አደርሁ፤ ባለ ሦስት እግር፣ ባለ አንድ እግር፣ ጭራሽ እግር የሌለው። የጀበና አንገት ግን አላየሁም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሕጉን ደግሜ ሳነብ እልልታዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ ከተገለጸ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነው ንድፍ አዲስ አይባልም። እርስዎ ደግሞ፣ እጅዎ ይባረክና፣ ወንበሬን በማግሥቱ ቴሌግራም ላይ ለጥፈዋታል። አሁን ነሐሴ እየተገባደደ ነው።

እኔ ንድፉን የሣልሁት በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ በእርሳስ ነበር። ቀን አልጻፍሁበትም፤ ቁራጩም በክረምቱ ቡና ተፈልቶበታል። እንግዲህ የወንበሬ የልደት ምስክር ወረቀት ያለው እርስዎ እጅ ነው። የለጠፉበትን ቀን በአስቸኳይ ቢልኩልኝ? ሦስቱንም ፎቶዎች አይርሱብኝ፤ ከማመልከቻው ጋር ምስል ይያያዛል፣ የእኔ ስልክ ደግሞ እንደ እርስዎ አጥርቶ አያነሣም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ከመንገዱ ማዶ ላለው አናጢ (አስቀድሞ ደርሶታል)