ማስተካከያ፦ ስለ መንደሩ የምሥረታ ዘመን

ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ስለቆረቆሩት የወሎ መንደር ስንጽፍ «ባርነት በ1924 ዓ.ም. ቀረ፤ መንደሩም ያኔ ተመሠረተ» ያልነው ስህተት ነው። 1924 የፈረንጆቹ ቁጥር ነው፤ ሳንቀይረው ገባ። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ 8 ዓመት ስለሚቀነስ፣ ባርነትን ለማስቀረት የወጣው አዋጅ የመጋቢት 1916 ዓ.ም. ነው። እሱም ሁሉንም በአንድ ቀን ነፃ አላወጣም፤ የብዙዎቹን ነፃነት ከጌታቸው ሞት ጋር አያይዞት ነበር። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው የነሐሴ 1934ቱ አዋጅ ነው።

የዛሬዎቹን ነዋሪዎች «ባሮች» ማለታችን ደግሞ ከዓመተ ምሕረቱ የከፋ ጥፋት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዘመኑን ከሽማግሌዎች ለምታጣሩ፦ ዓመት አትጠይቁ፣ ጣሊያንን ጠይቁ። «ጎጆው የተቀለሰው ጣሊያን ደሴ ሳይገባ ነው» ካሉ ከሚያዝያ 1928 በፊት፣ «ከወጣ በኋላ» ካሉ ከሚያዝያ 1933 ወዲህ ነው።