ፊቴን ሳይነኩ ዋጋ የነገሩኝ ቀን

እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። እንደ ማተብ ዙሪያውን የሚሄድ ሦስት ረድፍ ነው። ግንባሯ ላይ ደግሞ ትንሽ መስቀል አለች። ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ፣ ልጅ ሳለች በመርፌና በጥላሸት የተነቀሰችው ነው። ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ ቨርጂንያ መጥታ አንድ ቀን አብራኝ ወጣች። የሄድነው የፊት ቆዳ ያለ ቀዶ ጥገና የሚያጠብቅ ክሊኒክ ነበር። ቀጠሮው የኔ ነው።

ሃምሳን ልደፍን ትንሽ ነው የቀረኝ። መንጋጋዬ ጠርዝ ላይ ያለው ቆዳ ረገብ ብሏል። ጉንጬም ወረድ ያለ ይመስለኛል። ቢላዋ እፈራለሁ። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችን ስልኬ ላይ ማስታወቂያ ሳይ ሰነበትኩና ደወልኩ።

እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ሀበሻ ናት። ጨዋና ሳቂታ ልጅ ናት። ሻይ አቀረበችልን። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሆና ፊቴን አየችና "እህቴ፣ ላንቺ የሚሆንሽ ይሄኛው ነው" ብላ ሦስት ጊዜ የሚሠራውን በጥቅል ዋጋ ነገረችኝ። ዛሬ ከከፈልኩ አራተኛው በነጻ ነው። ቀጥላ ወደ እናቴ ዞረች። "ለእማማም እኮ አንገታቸውን ሌዘር ብናደርግላቸው ጥብቅ ይልላቸዋል።"

ያኔ ስለ ሌዘር ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ሌዘር ንቅሳት የሚያጠፉበት ነገር ነው። የእናቴ አንገት ሙሉ ንቅሳት ነው። ልጅቷ እያየችው ነው። ግን አላየችውም። እናቴን ክንዷን ይዤ ወጣሁ።

ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። የተቀጠረችው ለመሸጥ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኞቼ "የትኛው ማሽን ይሻላል?" ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ሆኗል። ማሽኑን ቆይተሽ ትመርጫለሽ። መጀመሪያ ፊትሽን በጣቱ ነክቶ የሚያይ ሐኪም ፈልጊ። እሱም የሚሸጥልሽ ሰው አይሁን።

ነገሩ የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የተነሳው ሬዲዮፍሪኩዌንሲ ማይክሮኒድሊንግ ነው። ጥቃቅን መርፌዎች ቆዳ ውስጥ ገብተው በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት የሚለቁበት ሕክምና ማለት ነው። ቃጠሎ፣ ጠባሳ፣ የስብ መሟሟት፣ የመልክ መበላሸትና የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል የሚሉ ሪፖርቶች መጥተውለታል። ከተጎዱት ውስጥ ለማስተካከል ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው አሉ። መሥሪያ ቤቱ ይህ የሕክምና ሥራ ነው፣ የመዋቢያ ሥራ አይደለም፣ ቤት ውስጥም አይሞከርም ብሏል። ከቢላዋ ሸሽተን ሄደን መጨረሻችን ቢላዋ ከሆነ ምኑን አተረፍን?

ማሽኖቹ ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይጠቅማል። ከባድም አይደለም። ጥብስ የጠበሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሥጋው እሳት ሲነካው ኩምትር ይላል። እንዲያ የሚያኮማትረው ኮላጅን የሚባለው ቃጫ መሰል ፕሮቲን ነው። የኛንም ቆዳ ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። ከወጣትነት በኋላ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ይቀንሳል። እነዚህ ሕክምናዎች ሁሉ፣ ስማቸው ቢለያይም፣ ከላይ ያለውን ቆዳ ሳያቃጥሉ ከታች ያለውን ኮላጅን በልክ ለማሞቅ የሚሞክሩ ናቸው። ሰውነት የተጎዳውን ለመጠገን ብሎ አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ወር። ስለዚህ "ዛሬ ገብተሽ ዛሬ ለሠርግ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። የዚያን ቀን የሚታየው ጥብቅ ማለት በአብዛኛው እብጠት ነው።

ከማሽኖቹ አንዱ አልትራሳውንድ ነው፤ በድምፅ ሞገድ የሚያሞቀው። እሱ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል። አልቴራፒ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009 ቅንድብን ከፍ ለማድረግ ፈቃድ አገኘ። ሙቀቱን በ1.5፣ በ3 እና በ4.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ እንደ ነጠብጣብ ያሳርፋል። ነጠብጣቦቹ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃሉ። ጥልቁ ላይ የሚደርሰው የቀዶ ሐኪሞች ፊት ሲስቡ የሚይዙት ሽፋን ጋ ነው። ያማል። የሬዲዮ ሞገዱ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓይን ዙሪያ መሸብሸብ የተፈቀደው ቴርማጅ፣ ሙቀቱን ሰፋ አድርጎ ይበትነዋል። ሌዘሩ ደግሞ ብርሃን ነው። ብርሃን መሆኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ክሊኒክ ከወጣሁ ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ለምክሩ ብቻ ከፈልኩ። ሐኪሟ መብራት አዞረችብኝ። ጉንጬ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቶሎ ተመለሰ። ከዚያ በአልጋው አስተኛችኝና የእጅ መስታወት ሰጠችኝ። "አሁን ፊትሽን እይው" አለችኝ። ተኝቼ ሳየው መንጋጋዬ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ዓይኔ ስር ያለው ጎድጓዳም እንዳለ ነው። የላላ ቆዳ ቢሆን ስተኛ ወደ ኋላ ይሳብ ነበር።

"ክብደት ቀንሰሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። ስኳር ሊይዝሽ ነው ተብዬ በአንድ ዓመት ውስጥ 14 ኪሎ ቀንሻለሁ። በእግሬ እየሄድኩ፣ ዳቦና ፓስታ ትቼ። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ቆዳሽ ብዙም አልላላም። የጎደለው ከስሩ ያለው ስብ ነው።" ቀጥላ የተናገረችው አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያ በመጀመሪያው ክሊኒክ የተነገረኝ ጥልቅ ሙቀት በቀጭን ፊት ላይ በስህተት ስቡ ላይ ካረፈ የቀረውንም ሊያሟሟው ይችላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የዚያ ጥቅል አራተኛው በነጻ የተባለው፣ ፊቴን ይበልጥ ሊያጎደጉደው ይችል ነበር።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አይመስለኝም። ክብደት የሚቀንሰው መርፌ ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ፊቱ በድንገት እየጎደጎደ "ቆዳዬ ወረደ" ይላል። የወረደው ቆዳ ነው? የጎደለው ስብ ነው? ወይስ ከአገጭ ስር የተጠራቀመው ስብ ነው? ወይስ በጣም ስለላላ ቀዶ ጥገና ካልሆነ ምንም አይመልሰውም? አራቱም መስታወት ውስጥ አንድ ይመስላሉ። መፍትሔያቸው ግን አንዱ ለሌላው ጠላት ነው። ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ይህን የሚለይ ሰው የለም።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የሌዘር ብርሃን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ቀለም ነው። ጠቆር ያለ ነገር ሲያገኝ ይሞቃል። የኛ ቆዳ ቀለም አለው። ስለዚህ መጠኑና ዓይነቱ ካልተመረጠ ብርሃኑ ከታች ሳይደርስ ላይ ላዩን ይቀራል። ውጤቱ ቃጠሎ ነው። ወይም ደግሞ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጥላ። ማዲያት ያለባት ሴት ይህን ጥላ በደንብ ታውቀዋለች። ሙቀት ብቻውን ማዲያትን ያባብሳል። በጥላሸት የተነቀሰ አንገት ላይ ደግሞ ብርሃኑ የሚያርፈው ጥላሸቱ ላይ ነው። ሐኪሟ የእናቴን ታሪክ ስነግራት "እንኳን ወጣችሁ" ነው ያለችኝ።

ሐኪሞች የቆዳን ቀለም ከአንድ እስከ ስድስት የሚመድቡበት ሰንጠረዥ አለ። ፊትዝፓትሪክ የተባለው የሃርቫርድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ለነጭ ቆዳ ብቻ ነበር። ቡናማውና ጥቁሩ ቆዳ የተጨመረው በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ልቤን ከብዶኛል። ቁጭ ብለን "የመጨረሻው ቴክኖሎጂ ነው" ስንባል፣ ቆዳችን የሚመደብበት ሰንጠረዥ ግን ሲጀመር ስለኛ ቆዳ አላሰበም ነበር። አብዛኞቻችን ከአራት እስከ ስድስት ባለው ውስጥ ነን። ስለዚህ ክሊኒክ ስትገቡ አታፍሩ። "እንደኔ ዓይነት ቆዳ ያላቸው የስንት ሰው ፊት ሠርታችኋል? ከስድስት ወር በኋላ የተነሳውን ፎቶ አሳዩኝ" በሉ። የሚያሳዩዋችሁ ፎቶ ሁሉ የፈረንጅ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። አልትራሳውንድና የሬዲዮ ሞገድ ቀለም አይመርጡም፤ በዚህ ለኛ ይሻላሉ። ግን መርፌ የሚወጋው ዓይነት ሲሆን ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው፣ ኬሎይድ የሚወጣበት ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ መናገር አለበት። ልብ ላይ ፔስሜከር፣ የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ያለበትም እንዲሁ። እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ ይቆይ።

ሌላ የምጨነቅበት ነገር አለ። ፊት የሚያነጡ ቅባቶች። በየሱቁ ከሚሸጡት ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው፣ ያለባቸው አሉ። ይህ ነገር ለዓመታት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ደም ስሩ እስኪታይ ድረስ። ያ የሳሳ ቆዳ ነው በኋላ "ላላብኝ" ተብሎ ማሽን ስር የሚገባው። ቅባቱን የተቀቡ ሴቶች ለሐኪም አይናገሩም። ያፍራሉ። እባካችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ካላወቀ ሙቀቱን በምን ይለካል?

አዲስ አበባ ላሉት እህቶቼ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ አይታወቀንም። ኮላጅኑን ግን ይበላዋል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ቆዳ ለአራት ዓመት ተኩል ክትትል ተደረገበት። የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ የተቀቡት፣ ሲመቻቸው ብቻ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔ ለሺህ ዶላሮች ተዘጋጅቼ የሄድኩት ሴትዮ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የፀሐይ መከላከያ አልነበረኝም። ሐኪሟ መጀመሪያ የጻፈችልኝ እሱን ነው። ሌሊት የምቀባው የሬቲኖይድ፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ፣ ቅባትም ጨመረችበት። እሱም ለእርጉዝ አይሆንም።

ማሽኑ ምንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። ልኩን ለሚያውቅ ሰው፣ ትንሽ ለላላ ቆዳ፣ ትንሽ ለውጥ ይሰጣል። ያ ለውጥ አንዳንዱን ሰው ደስ ያሰኘዋል፤ ገንዘቡ ከኖረው ምን ችግር አለው? እኔን የሚያንገበግበኝ ሰው ለትንሹ ለውጥ የትልቁን ዋጋ ሲከፍል ማየት ነው። እዚህ አገር ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። ከኪስ ነው የሚወጣው። ሁለት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው የሚከፍሉት።

ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ሄዶ ሠርቶ መመለስም ተለምዷል። እዚያ ጥሩ ሐኪም የለም አልልም። ግን ቃጠሎውም ጥላውም የሚታየው ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ማን ያይሻል? ዱባይ ላይ የባለሙያውን ፈቃድ በመንግሥት የጤና ባለሥልጣኑ መዝገብ ማየት ይቻላል። አሜሪካም የእያንዳንዱ ስቴት የሕክምና ቦርድ መዝገብ ክፍት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ አለርት የሚባለው ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች ይሠለጥኑበታል። የውበት ሳሎን ከመግባት በፊት አንድ የቆዳ ሐኪም ማየት ይሻላል። ማሽኑን የሚይዘው ማን እንደሆነም በስም ጠይቁ። ሐኪሙ ፊታችሁን ካየ በኋላ ማሽኑን ሌላ ሰው ይዞ ከገባ፣ ያ ሰው የት እንደሠለጠነ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

እኔ እስካሁን ማሽን አልገባሁም። ሐኪሟ ፊቴን ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ ፎቶ አነሳችኝ። ያለ ሜካፕ፣ በአንድ መብራት፣ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስይዛ። "ክብደትሽ ይርጋ፣ ቅባቱን ቀጥይ፣ በስድስት ወር ነይ፤ ያኔ የሬዲዮ ሞገዱን እንነጋገርበታለን" አለችኝ። ቀጠሮዬ መጋቢት ላይ ነው። እናቴ አገሯ ገብታለች። በስልክ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ፊትሽን ነካኩት እንዴ?" ብላ ነው።