ከ«ጨዋታ» ላይ «ታ»ን ያነሣን ወላጆች

አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ጌቶቻቸውን በደንብ ስለሚያውቋቸው ነው። በልደት ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወጥቶ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ የጨዋታውን ኳስ፣ ሩሯን ሲያሳድድ የዋለ ጎረምሳ፣ ሩሯን ስቶ የባላባቱን ቅልጥም ቢያገኝ፣ ባላባቱ ስቆ እንዲያልፈው በዓመት ለአንዲት ቀን ተለመነ፤ ልመናው በግጥም መቅረቡም ጉዳዩ ምን ያህል አስጊ እንደ ነበር ይመሰክራል። እኛ የዛሬ ወላጆች ግን፣ በተለይ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልጅ የምናሳድገው፣ ይህን የዘመናት ችግር ያለ ልመናም ያለ ግጥምም ፈትተነዋል። ጨዋታውን አስቀርተን ለልጁ ስልክ ሰጠነው። ከዚያ ወዲህ በገና ቀን የተቆጣ ጌታ በቤታችን ታይቶ አይታወቅም።

ይህ ታላቅ ግኝት እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። እኔም የስድስት ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አባት፣ ማለትም የግኝቱ ቀጥተኛ ተጠቃሚ ስለሆንሁ፣ ውለታውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ግዴታዬ መስሎ ተሰማኝ።

የጥንቱን ገና ለማታስታውሱ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። በዋዜማው እናት የዶሮውን ሽንኩርት እያለቀሰች ስትከትፍ፣ ልጅ የሚባለው ፍጡር ከእግሯ ሥር አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት ላጥ ሲሉት ግማሹን ከነልጣጩ ይመልሳል፤ የዶሮዋን እግር ያዝ ሲሉት፣ ዶሮዋ ስትፈራገጥ እርሱም አብሯት ይፈራገጣል፤ እንቁላል እንዲልጥ የታዘዘ እንደ ሆነ ቆጠራው ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል፤ የጎደለው የት እንደ ገባም የጉንጩ እብጠት ይናገራል። 12ቱን የዶሮ ብልት በየስማቸው ካልነገራችሁኝ ብሎ ይነዘንዛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ጠርቶ እንዲመጣ መላኩ ነበር። ሦስት ቤት የተላከ ልጅ በሦስቱም ቤት ድፎ ዳቦ ጎርሶ፣ በነጭ ልብሱ ላይ የሦስት ቤት ወጥ አንጠባጥቦ፣ እትዬ እገሌ ከባላቸው ጋር እንደ ተኳረፉ የሚገልጽ ሙሉ ዘገባ ይዞ ይመለሳል። አሁን ጎረቤት የሚጠራው በስልክ ነው፤ ስልኩ በልጁ እጅ ካለ ደግሞ አይጠራም፤ በሁለቱም መንገድ ሲኒ አይሰበርም።

ዘንድሮ በገና ጠዋት ባለቤቴ ሌሊቱን ካደረችበት ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ልጄ ከአልጋው ተስፈንጥሮ በር ላይ ተቀበላትና «እማዬ፣ ጌታ በከብቶች ቤት የተወለደው እናቱ ቤት ስላልተከራየች ነው?» ሲል ጠየቃት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ ነገረ መለኮትንም የኪራይ ገበያንም አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም ገና ከንጋቱ 12 ነው። ምስጋና ለሥልጣኔ ይሁንና፣ ጥያቄው ሳይደገም ስልኩ መዳፉ ላይ ዐረፈ። ከኅዳር 15 ጀምራችሁ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስትሸሹ ለምን ይህንንም አልሸሻችሁም የሚል ተቺ ቢኖር፣ ስልክ የእንስሳት ተዋጽኦ አለመሆኑን ያስታውስ።

አዋቂ ነን ባዮች አርፈው አይቀመጡምና፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሚሆን መክሯል። አንድ ዓመት ላልሞላቸውማ ጭራሽ አይመከርም ይላል። ምክሩን አላቃልልም፤ ነገር ግን የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ጄኔቫ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በጄኔቫ የዶሮ ወጥ ቁሌት ለማብሰል የቆመ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ፣ 1 ሰዓት ማለት ሽንኩርቱ መልኩን ለመለወጥ ገና የሚያስብበት ጊዜ መሆኑን በነገራቸው ነበር። ቅመሙ፣ በርበሬው፣ ቅቤው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ልጁስ እስከዚያ ምን ይሁን? ይጫወት? የት? ከፎቁ ሥር ያለው ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይም «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል።

የዘዴው ፍሬ በሙሉ ክብሩ የታየው ግን እንግዶቻችን ሲመጡ ነው። እነርሱም ሁለት ልጆችና ሁለት ታብሌት ይዘው መጡ። አራቱ ሕፃናት ተሳሳሙ ተብለው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ ጉንጭ ለጉንጭ ከተነካኩ በኋላ፣ ሶፋው ላይ እንደ ዕቃ ተደረደሩ። እኛም በሰላም በላን፣ በሰላም ጠጣን፤ ጠላው ውስጥ እጁን የነከረ፣ ቄጠማውን ሰብስቦ አክሊል የሠራ፣ ፈንዲሻውን ለመሬት የበተነ ልጅ አልነበረም። እንግዳችን ልጆቹን በአድናቆት ሲመለከቱ ቆይተው «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!» አሉ። ይህን ጊዜ አንድ ምሥጢር ተገለጠልኝ። ለካ «ጨዋታ» ከሚለው ቃል ላይ «ታ»ን ብናነሣለት የሚቀረው «ጨዋ» ነው! ቋንቋችን ይህን የልጅ አስተዳደግ ጥበብ በሆዱ ይዞ ስንት ዘመን ሲጠብቀን ኖሯል፤ እኛ ግን ልጁን ጨዋ ለማድረግ በምክር፣ በተረትና አልፎ አልፎም በቁንጥጫ ስንደክም ኖርን። አንዲት ፊደል ማንሣት ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለ ፎቶግራፉ ካልጻፍሁ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። በረዶ በማያውቀው ከተማችን ጥጥ የተበተነበት የፕላስቲክ ዛፍ ፊት፣ አራታችንም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው የሀበሻ ልብስ ለብሰን ቆምን። ልጆቹ ወደ ካሜራው እንዲያዩ ስልኩ ከእጃቸው መወሰድ ነበረበት፤ ሲወሰድ ደግሞ ያለቅሳሉ። መፍትሔውን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። ፎቶ አንሺው ጀርባ ሌላ ስልክ ተይዞ ካርቱን ተከፈተ፤ ልጆቹም ፍንክንክ ብለው ሳቁ። ዋሽንግተን ያለችው እኅቴ፣ «ገና ከልጆቻችን ጋር» ብዬ የለጠፍሁትን ያንን ሳቅ አይታ በናፍቆት እንዳለቀሰች ጽፋልኛለች። የሳቁት ለአንዲት ዓሣማ መሆኑን ልነግራት አልደፈርሁም።

በዚህ ሁሉ መሀል ትንሽ ያስቸገረችን እናቴ ናት። ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር፤ የልጅ ልጆቿን ደጋግማ ወደ ጉልበቷ ትጠራለች። ትልቁን እንደ ምንም ይዛ «እደግ ተመንደግ፣ እንደ ዋርካ ስፋ፣ እንደ ወንዝ...» ብላ ምርቃቱን ስትጀምር፣ ልጁ የምታወራበትን አፍ አተኩሮ ካየ በኋላ ጣቱን ወደ አገጯ ቀኝ ጥግ ሰደደ። ማስታወቂያ የሚታለፍበትን ቁልፍ እየፈለገ ነበር። እርሷ ሊዳስሳት የፈለገ መስሏት ጣቱን ሳመችለት፤ እኔም እንደዚያው እንድታምን ተውኋት።

ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ስልኮቹ ከንጋት ጀምሮ በዓል ሲያከብሩ የዋሉ ነበሩና ተከታትለው ዐረፉ። ልጆቹ መጀመሪያ ጮኹ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ ከዚያም ትንሿ በዳበሳ ሄዳ የአያቷ ጋቢ ውስጥ ገባች። እናቴ ጊዜ ሳታባክን «ተረት ተረት» አለች። ልጆቹ የሚመለሰውን አያውቁም። ከጨለማው ውስጥ «የላም በረት» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው። «ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ላም ነበረች» ስትል፣ ትልቁ «ስሟ ማን ነው?» አለ፤ ትንሿ «ሮዝ ናት?» አለች፤ አንደኛው ስም ሲያወጣላት ሌላኛዋ ስትሽረው፣ ጋቢውን ሲጓተቱ፣ ሲሳሳቁ፣ ቤቱ በአንድ አፍታ ታመሰ። በዚያው ግርግር አንዱ በጨለማ ሲሮጥ ቅልጥሜን በእርግጫ አለኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ልቆጣ አፌን ከፈትሁ።

ደግነቱ መብራቱ መጣ። ሁላችንም እልል አልን፤ እኔም እያነከስሁ ቻርጀር ፍለጋ ተነሣሁ። ላሟ ስም ሳይወጣላት በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀረች።