ጭላዳው አልሳቀላችሁም

ሰሞኑን በአንድ የቱሪዝም ምክክር ላይ አንድ ኃላፊ «ጭላዳ እንኳ ለእንግዳ ፈገግ በሚልበት አገር፣ የእኛ አስተናጋጅ ግንባሩን ቋጥሮ ይቀበላል» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት። ከጀርባቸው በተሰቀለው ባነር ላይ የላይኛው ከንፈሩ እስከ አፍንጫው የተገለበጠ፣ ድዱና ክራንቻው ወለል ብሎ የሚታይ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር። ጭብጨባው ሳይበርድ ውሳኔው ተከተለ። ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሠራተኞች የሁለት ቀን «የፈገግታ ሥልጠና» ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ከሂሳቡ ጋር በሚቀርብለት ታብሌት ለአስተናጋጁ ፈገግታ ነጥብ ይሞላል።

ወደ ታብሌቱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን ያንን ጭላዳ ከባነሩ አውርዱት።

ጭላዳው ፈገግ አላለም። ያ ፊት የከንፈር ግልበጣ ይባላል። እንስሳው የላይኛውን ከንፈሩን እንደ ኪስ ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጦ አፍንጫው ላይ ይለጥፈዋል፤ ከጥቁሩ ፊት መካከል የድዱ ሮዝና የጥርሱ ነጭ ቦግ ይላል። ከሩቅ መታየቱም በምክንያት ነው። ጭላዳ አንዳንዴ በመቶዎች ተሰብስቦ ገላጣ ሜዳ ላይ ሳር ሲግጥ የሚውል ነውና መልእክቱ ርቀት መሻገር አለበት። መልእክቱስ ምንድን ነው? ጨንቆኛል፣ አትድረስብኝ። ወይም፣ ልጠጋህ ነውና አትደንግጥ፣ ጠብ አልፈልግም። አባወራው ከወንደላጤዎቹ ጋር ሲፋጠጥ፣ የተባረረው ዞር ብሎ አባራሪውን ሲያይ፣ አንዱ ሌላውን ሊያበርድ ሲሞክር ከንፈሩ ይገለበጣል። ፍርሃትና ልመና የተቀላቀሉበት ፊት ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን።

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነበር። ጭላዳ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይን ቆቡን ብልጭ ሲያደርግ እያስፈራራ ነው። አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲያዛጋ «እንቅልፉ መጣ» አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ ክራንቻውን እያስቆጠራችሁ ነው፤ ያ ክራንቻ ደግሞ የበቀለው ለሳር አይደለም። እንግዲህ ከፊቱ በርከክ ብሎ፣ ስልኩን ደቅኖ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ጥርሱን የሚያሳይ ጎብኚ በጭላዳ ቋንቋ ሦስት ስድብ በአንድ ትንፋሽ አወረደ ማለት ነው። ትክክለኛው ነገር ቀላል ነው። ጎንን ሰጥቶ መቀመጥ፣ አፍን መክደን፣ ሳር ሳሩን ማየት፣ ምንም ምግብ አለማውጣት። ከሁሉም በላይ በመንጋውና በገደሉ መካከል አለመቆም፤ ሲደነግጡ የሚሸሹት ወደ ገደሉ ነውና። እንግዳ የሚያጅቡት የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ይህን ልቅም አድርገው ያውቁታል። የጠየቃቸው የለም እንጂ።

የጭላዳን እውነተኛ ሳቅ ማየት የፈለገ ሰው ግልገሎቹን ይመልከት። ሲታገሉ አፋቸውን ለቀቅ አድርገው ይከፍታሉ፤ ገላቸው አይገተርም፣ ዓይናቸው አይፈጥጥም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጣሊያን ተመራማሪዎች ጀርመን አገር ባለ መካነ እንስሳ ያሉ ጭላዳዎችን አጥንተው፣ አንዱ ይህን የጨዋታ ፊት ሲያሳይ ሌላው በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንደሚመልስለት፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚፈጥነው ደግሞ በእናትና በልጅ መካከል መሆኑን ጽፈዋል። ያ ለባነር አይመችም። ለሽያጭ የሚመቸው የተጨነቀው ፊት ነው።

ስህተቱ በጭላዳ አያበቃም። «አህያ ሳቀ» እንላለን። ውርንጭላ ሳይሆን የደረሰው ወንድ ነው ይህን የሚያዘወትረው። የሴቷን ሽንት አሽትቶ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀጥ ያደርግና የላይኛውን ከንፈሩን ያጥፋል፤ ሽታውን ከላንቃው በላይ ወዳለው ልዩ የማሽተቻ አካል እየገፋ ነው፤ ሴቷ ለስሪያ ደርሳ እንደሆነ ይመረምራል። ሳቅ ሳይሆን ላቦራቶሪ ነው። የጅብ ሳቅም የሚሰማው በአብዛኛው ሥጋ ላይ ሲሻሙ፣ ሲባረርና ሲጨንቀው ነው። ዶልፊን ደግሞ መንጋጋው በዚያ ቅርጽ ስለተሠራ ታሞም ሞቶም «ፈገግ» እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1961 አሜሪካኖች ለ16 ደቂቃ ያህል ወደ ጠፈር ወርውረው የመለሱት ሃም የተባለው ቺምፓንዚ ጥርሱን ገልጦ የሚታይበት ፎቶ እስካሁን «የደስታ» እየተባለ ይዞራል፤ ቺምፓንዚ የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርሱን ገጥሞ ከንፈሩን ሲስብ ግን የሚነበበው ፍርሃት ነው።

በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ ግን አለ። ትንንሽ ልጆች ጥርሱን ያወጣ ውሻን ፈገግ ያለ አድርገው እንደሚያነቡት በጥናት ታይቷል፤ ፊታቸውንም አስጠግተው ሊስሙት ይሄዳሉ። በእብድ ውሻ በሽታ ሰው በሚሞትበት አገር «እንስሳም ይስቃል» የሚል ቀልድ ከመድረክ ሲወርድ ቅር ይለኛል። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፤ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይደርሳል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው የለምና።

አሁን ወደ ሰው። የደች ተመራማሪው ያን ቫን ሆፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ ጉልበቱ አልቀነሰም። ሳቃችንና ፈገግታችን ከአንድ ምንጭ አልተቀዱም፤ ሳቅ የመጣው ከዚያ የግልገሎች የጨዋታ ፊት ነው፤ ፈገግታ ግን ጥርስን ገጥሞ ድምፅ ሳያወጡ ከማሳየት፣ ማለትም ከመለማመጥ የመጣ ነው። ሪሰስ በሚባሉት ጦጣዎች ዘንድ ሥርዓቱ ቁልጭ ያለ ነው። ጥርሱን የሚያሳየው የበታቹ ነው፤ ለበላዩ ያሳያል፤ የበላዩ አይመልስለትም። የማዕረግ ልዩነታቸው በላላ ዘመዶቻቸው፣ ለምሳሌ የሱላዌሲዎቹ ቶንኪያን ጦጣዎች ዘንድ ግን ያው ፊት በሁለቱም በኩል ይመላለሳል፤ የወዳጅነት ምልክት ሆኗል። ይህን ልብ በሉልኝ። መሰላሉ ቀጥ ያለበት ቦታ ጥርስ የሚታየው ከታች ወደ ላይ ብቻ ነው። መሰላሉ የተጋደመበት ቦታ ሁለቱም ፈገግ ይላሉ።

እንግዲህ ታብሌቱን ተመልከቱት። ነጥብ ሰጪው ማን ነው? ተቀማጩ። ነጥብ ተቀባዩ? ቆሞ የሚያስተናግደው። ደንበኛው ለአስተናጋጇ ፈገግ ይበል የሚል አንቀጽ አለ? የለም። ጣቱን አጮኾ የሚጠራትን፣ «አንቺ!» እያለ የሚያዘውን ማን ነጥብ ይሰጠዋል? ይህ መስተንግዶ አይደለም፤ የሪሰስ ጦጣ ሥርዓት በሶፍትዌር ነው። አደባባይ ወጥተው «ሠራተኛው ይለማመጥልን» ማለት ያፈሩ ሰዎች «ፈገግ ይበልልን» አሉ።

«ኢትዮጵያዊ ፈገግታ አያውቅም» የሚለውማ የክርክራቸው ሁሉ ስስ ጎን ነው። እንግዳ ሲገባ «ኖር!» ብሎ የሚነሳ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ብርጭቆ የሚያቀብል፣ ጎንበስ ብሎ ውሃ የሚያስታጥብ፣ «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርስ ሕዝብ ክብርን በጥርስ ሳይሆን በወገቡና በእጁ ነው የሚናገረው። ቋንቋው ራሱ ፈርዷል። ከአንጀት የሆነና ከአንገት በላይ የሆነ ነገር ለይተን እናውቃለን። ያለ ነገር ጥርሱን ለሚያወጣው «ይገለፈጣል» የሚል ቃል አለን፤ ቃሉ ሙገሳ አይደለም። ኮስታራ መሆን ደግሞ በብዙ ቤት ስድብ ሆኖ አያውቅም። በዚህ ብቻችንን አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 44 ባህሎችን ያካለለ ጥናት ፈገግ ያለ ፊት በየአገሩ አንድ ዓይነት ግምት እንደማያገኝ፣ እንዲያውም በአንዳንዱ ዘንድ ፈገግተኛው አስተዋይነቱ ዝቅ ተደርጎ እንደሚገመት አሳይቷል።

አሠልጣኞቹ የሚመዙት ሌላ ካርድ አለ። «መጀመሪያ ፈገግ በል፣ ደስታው ይከተላል።» ይህ ወሬ አብዛኛውን ዝናውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 እስክሪብቶ በጥርስ አስነክሶ፣ ማለትም አፍን በግድ የፈገግታ ቅርጽ አስይዞ፣ ካርቱን ከሚያስመለክት ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ 17 ቤተ ሙከራዎች ያንኑ ደግመው ሠሩት፤ ውጤቱ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ19 አገሮች በተደረገ ሰፊ ሙከራ ፊትን አስመስሎ ማንቀሳቀስ ጥቂት ስሜት እንደሚጨምር ታየ። ጥቂት። ያውም ወንበር ላይ ለደቂቃ ተቀምጦ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ በቆመ እግር አይደለም።

ሥልጠናው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያወጣ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ሥራው የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ እንዳሳየው፣ ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ የከንፈርን ጥግ ወደ ላይ የሚጎትተው ጡንቻ ሲያዙት ይታዘዛል፤ ዓይንን የሚከበው፣ ጉንጭን ከፍ አድርጎ የዓይንን ጥግ የሚያሸበሽበው ግን እንዲያ በቀላሉ አይታዘዝም። አዎ፣ የሚያስመስሉት አሉ፤ ተዋናይ ምን ሊበላ ነው? ሌላው መለያ ጊዜ ነው። የልብ ፈገግታ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የትእዛዙ ግን በሩ ሲከፈት ብልጭ ብሎ ይወጣና ደንበኛው ጀርባውን ሲሰጥ እንደ መብራት ድርግም ይላል። ሁሉም ያየዋል። በዕውርነት የተወለደ ሕፃንም ፈገግ ይላልና ነገሩ ከተፈጥሯችን መሆኑን አልክድም፤ ከተፈጥሮ የሆነን ነገር በሁለት ቀን ወርክሾፕ አስተምራለሁ የሚሉት እነሱ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ኬይኪዩ የተባለው የባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 የጣቢያ ሠራተኞቹን ፈገግታ በካሜራ እያነበበ ከ0 እስከ 100 የሚመዝን መሣሪያ አስገብቶ ነበር። የእኛዎቹ ያንን ለመቅዳት ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተውም አላፈሩም።

የትእዛዝ ፈገግታ የሚያመጣውን መዘዝ ለማወቅ መተንበይ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሴፍዌይ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ ደንበኛን ዓይን እያየ ፈገግ እንዲል ባስገደደ ጊዜ ሴቶቹ አቤቱታ አስገቡ። ወንዶቹ ደንበኞች ግዴታውን እንደ ግብዣ እያነበቡት ነበር፤ ጸያፍ ወሬውም መከተሉም በዚያ መጣ። አሁን ያንን ደንብ አምጡና አዲስ አበባ ውስጥ ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስተኛ ቢራውን በያዘ ጠረጴዛ ፊት የቆመች የ19 ዓመት ልጅ ላይ አድርጉት። ግንባሯን መቋጠሯ «የመስተንግዶ ጉድለት» አልነበረም። አጥሯ ነበር። የባነሩ ጭላዳ እንኳ አትድረስብኝ የሚልበት ፊት ተፈቅዶለታል፤ እሷ ያንን ስታደርግ ከአምስቱ ነጥብ ሁለቱን ብቻ ታገኛለች፤ ነጥቡንም የሚሰጣት ያው ሰውዬ ነው።

ሥልጠናው ይሰጥ ከተባለ ስለ ድርጊት ይሁን። ውሃ ሳይጠየቅ ማቅረብ፣ ያለቀውን ምግብ ከትእዛዝ በፊት መናገር፣ ቢዘገይ ስንት ደቂቃ እንደሚቀር መጥቶ መንገር፣ ሂሳብ ሲጠየቅ ሃያ ደቂቃ አለመጥፋት። እንግዳ የሚበሳጨው በነዚህ ነው። ማዕድ ቤቱ አንድ ሰው ጎሎት ምግብ ለአንድ ሰዓት ሲዘገይ የአስተናጋጅ ጥርስ ምን ይሠራል?

ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ከታብሌቱ በፊት ደረሰኙን እዩት። በብዙ ሆቴል ከቫቱ በላይ «የአገልግሎት ክፍያ 10%» የሚል መስመር አለ። ያመጣችላችሁን ልጅ፣ ከዚህ ውስጥ ስንቱ እንደሚደርሳት ጠይቋትና ፊቷን አንብቡት።