ሜዳ ላይ ፍሊት የሚነፋ ጀግና

ሊመሰገን ሲገባው ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰው አለ። ግድግዳ በሌለበት፣ ጣሪያው ሰማይ በሆነበት ቦታ ቆሞ ፍሊት የሚነፋ ሰው። ቤት ውስጥማ ማንም ይነፋል። በርና መስኮት ዘግቶ፣ ጥግ ጥጉን ነፍቶ መውጣት ምን ጀግንነት አለው? ወንድ ከሆንክ ነፋስን ግጠም!

ጀግናውን ማየት የፈለገ አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር ካለ መዝናኛ ይቀመጥ። ሐዋሳም ይሁን አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ሌላ፣ ሥነ ሥርዓቱ አንድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቢምቢ ሥራ ይገባል። መጀመሪያ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ማከክ ይጀምራል። ቀጥሎ አንዷ የገዛ አንገቷን በጥፊ ትላለች። ከዚያ ከመሀል አንድ ጋሼ ያጨበጭባሉ።

«አንተ ልጅ! እዚህ ቤት ፍሊት የለም እንዴ?»

አስተናጋጁ ከተፍ ይላል። በአንድ እጁ ትሪ፣ በሌላው ጣሳ። ትሪውን ለማስቀመጥ እንኳን ጊዜ የለውም። ሽሽሽ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሽሽሽ ከወንበሩ ጀርባ፣ ሽሽሽ የአንዷ እመቤት ነጠላ ጫፍ ላይ። ትሪው ላይ ያለው የተጠበሰ አሳም ድርሻው አይቀርበትም። ሎሚና ዳጣ ብቻ ቀርቦለት ነበር፤ አሁን ቅመሙ ሞላ። ጋሼ «ተባረክ» ብለው ከአሳው ፈርፈር አድርገው ይጎርሳሉ። «ብሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ጉሙ ለአንድ አፍታ ያንዣብባል። ከዚያ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ያነሳውና ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ይወስደዋል። እዚያ ያሉት ያስላሉ። ሳይከፍሉ ያገኙት አገልግሎት ስለሆነ ቅር አይላቸውም።

ቢምቢዎቹስ? ጉሙ ፊት ለፊት ያገኛቸው ሦስት አራቱ ይወድቃሉ። የቀሩት ዞር ብለው ይጠብቁና ሲያልፍ ይመለሳሉ። ጣሳው የተሠራው ለተዘጋ ክፍል ነው። ጠብታው አየር ላይ ቆይቶ ነፍሳቱን እንዲያገኛቸው። ሜዳ ላይ ግን ብትን ብሎ ያልቃል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምትደርሰዋ ቢምቢ ደግሞ ስለ ጦርነቱ የሰማችው ነገር የለም። እሷን የሚጠራት የምንተነፍሰው አየር፣ የላባችን ሽታና የገላችን ሙቀት ነው። እሱ እንዳለ አለ። ስለዚህ ጋሼ እንደገና ያጨበጭባሉ፣ ልጁም እንደገና ይመጣል። ጀግና በውጤት አይለካም፤ በጣሳው ቁጥር ነው የሚለካው።

ያለማንበብ ጽናታችንም ሊመሰገን ይገባል። እንዲህ ያሉ ጣሳዎች ጀርባቸው ላይ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፈ ነገር አላቸው። ምግብ ላይ አትንፉ ይላል። ከእሳት አርቁ ይላል። ነፍታችሁ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ፣ ኋላም አናፍሱት ይላል። ሰው ተዝናንቶ በተቀመጠበት ይህን ማንበብ ምቀኝነት ነው። በተለይ «ከእሳት አርቁ» የሚለውን። ፈሳሹን ገፍቶ የሚያስወጣው ጋዝ ብዙውን ጊዜ የምግብ ማብሰያው ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ልጁ ግን ቡና ከሚፈላበት ከሰል በአንድ ክንድ ርቀት ጎንበስ ብሎ ሲነፋ እጁ እንኳን አይንቀጠቀጥም። እንዲህ ያለ ወኔ ከየት ይገኛል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ አሳና ስለ ንብ የተጻፈው ነው። ፍሊት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ፓይሬትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ለአሳ ክፉ መርዝ ናቸው። ለንብም እንዲሁ። እኛ ደግሞ ሐይቁ አፍ ላይ ቁጭ ብለን አሳ እያዘዝን እንነፋለን። ብርጭቆው ላይ የመጣችውን ንብ በፍሊት ደፍተን «ይሄ ጠጅ ማሩ ንጹሕ አይደለም፣ የድሮ ማር የት ሄደ?» ብለን እናማርራለን። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን የያዘው እጅ ግን ጣሳም ይዟል።

ደግሞ ስለ ዘር እናውራ ከተባለ፣ የፍሊት አያት አበባ ናት። ነጭ፣ መሀሏ ቢጫ፣ ፓይሬትረም የምትባል፤ ጎረቤት ኬንያ ደጋ ላይ የምትለማ። የደረቀ አበባዋ ነፍሳትን ይገድላል። ግን ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይፈርሳል። ኬሚስቶች ይህን አይተው እሷን የሚመስል፣ ቶሎ የማይፈርስ ነገር በፋብሪካ ሠሩ። «ቅጠላ ቅጠል የድሮ ሰው ነገር ነው» የሚለው ጀግናችን ታዲያ የያዘው የአበባዋን የልጅ ልጅ ነው።

አሁን እስቲ የሚነፋበትን ግቢ ዞር ዞር ብለን እንየው። በሩ ላይ የቆመው ረጅም ዛፍ ሽቶ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጠሉን ሲያሹት ሎሚ ሎሚ የሚለው። የእግረኛ መንገዱ ዳርና ዳር ጠጅ ሳር ነው። ከኩሽናው ጀርባ ዳማከሴ አለ፣ ማንም ሳይተክላት የበቀለች። አትክልተኛው በየሳምንቱ ይከረክማቸዋል። ክርክሙ ተጠቅልሎ ቆሻሻ ይወጣል። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባቸዋል።

አንዳንዴ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ይሳሳታሉ። ከሰሉ ላይ የደረቀ የወይራ ቅጠል ጣል ያደርጋሉ። ወዲያው ጋሼ ከወዲያ ማዶ ይጮኻሉ። «ኧረ እትዬ፣ ጭሱን አጥፉልን! ለጤና ጥሩ አይደለም!» ይህን ሲሉ የፍሊቱ ጉም ገና ከሪዛቸው ላይ አልተነሳም።

እትዬ ዝም ብለው ነው እንጂ የሚመሰክርላቸው አላጡም። ተመራማሪዎች ቆቃ አካባቢ ሽቶ ባሕር ዛፍን፣ ወይራንና ዳማከሴን የመሳሰሉ ቅጠሎችን አጭሰው ፈትሸዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤታቸው ጭሱ የወባ ትንኞችን ቁጥር ቀንሷል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እትዬ ጣሳ የላቸውም። ጣሳ የሌለው ሳይንስ ደግሞ ማን ያምናል?

ያው ቅጠል በአውሮፕላን ከመጣ ነገሩ ይለወጣል። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች የእህት ልጅ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ ታወጣለች። ላዩ ላይ ቅጠል ተስሏል። ከሽቶ ባሕር ዛፍ ዘይት የተሠራ የቢምቢ ማባረሪያ ነው። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ያሸታሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አያችሁ ፈረንጅ ሲሠራ? እኛ እኮ አንሠራም!» ዛፉ ከኋላቸው ቆሟል። አንድ ሁለት ቅጠል ኮታቸው ላይ ጣል ያደርግላቸዋል። እሳቸው አራግፈው ይጥሉታል።

እውነቱን ለመናገር ጠርሙሱ የሚናቅ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ከሚመክራቸው ጥቂት ማባረሪያዎች አንዱ ነው። ዘይቱ ተሠርቶበት ፒኤምዲ የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲበዛ ተደርጓል። ቅጠሉን ቀጥፎ ክንድ ላይ ማሸት የዚያን ያህል አያስኬድም። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ አይቀባም። ይህ ሁሉ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ባለማንበባችን ጽኑ ስለሆንን ግን ጋሼ መጀመሪያ የቀቡት ጭናቸው ላይ የተኛውን የልጅ ልጃቸውን ነው።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሌላ ጀግና አለ፤ እሱን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የተፈጥሮ አርበኛው። እሱ ኬሚካል የሚባል ነገር በደጁ አያሳልፍም። ተፈጥሮ ከሆነ አይጎዳም ይላል። በዚህ እምነቱ ጤና አዳም በእጁ ሙሉ ቆርጦ ክንዱንና አንገቱን አሽቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጀልባ ተሳፈረ። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲያደርጓት ጨዋ ናት። ቆዳ ላይ ታሽታ ፀሐይ ሲያገኛት ግን ታቃጥላለች፣ ውኃ ትቋጥራለች። በማግሥቱ ክንዱ ተላልጦ ሲጠየቅ «መርዙ እየወጣ ነው» አለ። እንዲህ ያለ አማኝ ከየት ይመጣል!

ጠጅ ሳርም ይወዳል። አንዴ ተቀብቶ እስከ ንጋት ድረስ ይተማመናል። የጠጅ ሳር ዘመድ ከሆነው ሣር የሚወጣው ሲትሮኔላ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ የቢምቢ ማባረሪያዎች ንጽጽር ውስጥ ነበረ። ሲትሮኔላ የያዙት ቅባቶች በአማካይ 20 ደቂቃ እንኳን አልቆዩም። ዲት የሚባለው በፋብሪካ የተሠራ ማባረሪያ 24 በመቶ ገደማ ያለበት ቅባት ግን 5 ሰዓት ያህል ቆየ። አርበኛችን ይህን ሲሰማ ሳቀ። ጥናቱን የከፈለው ማነው ብሎ ጠየቀ። ጠይቆም ክንዱን አከከ።

አጎበሩንም በመርሕ ለቆታል። ኬሚካል የተነከረ ነዋ! አሁን የቲማቲም ችግኙን ከዶሮ እየጠበቀለት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ በተመዘገበባት አገር ቲማቲሙ አንድም ቀን ወባ አልያዘውም።

ጋሼና አርበኛው አይዋደዱም። አንዱ ሌላውን «ኋላ ቀር»፣ ሌላው አንዱን «መርዛም» ይለዋል። የወባ ትንኟ ግን ለሁለቱም አክብሮት አላት። ዲዲቲን ለአሥርት ዓመታት ቤት ለቤት ረጨንባት፤ ለመደችውና ተተወ። አሁን ደግሞ በብዙ የአገራችን አካባቢ ፓይሬትሮይዱንም እየለመደችው ነው። በየምሽቱ ሜዳ ላይ በነፃ ትምህርት የሚሰጣት ሲገኝ እምቢ ትላለች እንዴ?

ጥግ ላይ ደግሞ አንድ አሰልቺ ሰው ተቀምጧል። ስለሱ ብዙ አላወራም። እጅጌው ረጅም ነው፣ ካልሲ አድርጓል። የባሕር ዛፉን ቅባት ይቀባል፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ሰዓቱን አይቶ ይደግመዋል። ቆላ ሲወርድና ማምሸት ሲኖርበት ዲት ያለበትን ይይዛል። አስተናጋጁን «ወንድሜ፣ ፍሊቱን ተወውና ማራገቢያ ካለ ወደዚህ አዙርልኝ» ይለዋል። ቢምቢ ደካማ በራሪ ናት፤ ነፋስ አትችልም። ማታ አጎበር ውስጥ ይተኛል። አያጨበጭብም፣ አይጮኽም፣ ጀግንነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እንዲህ ያለ ሰው ጋር ተቀምጦ ምን ይወራል?

ይባስ ብሎ ይኼው ሰውዬ አንድ ቀን ተነስቶ ግቢውን ዞረ። የአበባ መደብ የሆኑትን ቀለም የተቀቡ የመኪና ጎማዎች አንድ በአንድ አየ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ደስ ይላሉ። አንዱን በእግሩ ነካ አደረገው። የጎማው ሆድ ውስጥ የዝናብ ውኃ አቁሯል፤ ውኃው ውስጥ ትንንሽ ትሎች ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ። የቢምቢ እጭ። ከጋሼ ጠረጴዛ ያለው ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም። ማታ ማታ የምትነክሳቸው እንግዳ አይደለችም፣ የቤቱ ተወላጅ ናት።

ሰውዬው ባለቤቱን አስጠራ። «ይሄን ውኃ ብትደፉት፣ ጎማውንም ብትበሱት እኮ ለፍሊት የምታወጡት ይቀርላችሁ ነበር» አለ።

ባለቤቱ ጎማውን አየ። ሰውዬውን አየ። አስተናጋጁን ጠርቶ ጣሳውን ተቀበለውና ጎማው ሆድ ውስጥ ሁለቴ ነፋበት።

«ጎማውማ አይበሳም፣ ጌታዬ» አለ። «ዲኮር ነው።»